የእግር ምትና የዜማ ምት

በየካቲት ወር 1990 ዓ.ም. በእንግሊዟ ከተማ በበርሚንግሃም በተካሄደ የቤት ውስጥ ውድድር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 2000 ሜትሩን በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ፣ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ይሰማ የነበረው «ስካትማን» የተሰኘው የአሜሪካዊው የጆን ላርኪን ዘፈን ነበር። ሯጩ እርምጃውን ከዘፈኑ ምት ጋር እያስማማ እንደ ሮጠ በስፖርት ሳይንስ ጽሑፎች እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ይህን የሰማ የኪነት ሰው አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። የአሰላው ተወላጅ፣ በአገሩ ከበሮና ጭብጨባ መካከል ያደገው ሯጭ፣ ለዚያች ሰዓት ስለ ምን የባዕድ ዘፈን መረጠ?

በቅድሚያ ወደ አፍ የሚመጣው መልስ ወቀሳ ነው። ወቀሳው ግን ዒላማውን ይስታል። ሯጭ ለልምምድም ሆነ ለውድድር ዘፈን ሲመርጥ የሚሠራው አናጢ መጥረቢያ ሲመርጥ የሚሠራውን ነው፤ ሚዛኑን ይፈትናል፣ ለእጁ መመቸቱን ያያል። «ስካትማን» በዚህ ረገድ የተሳለ መሣሪያ ነው። ምቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው አይዋዥቅም። ከቃላቱም ብዙዎቹ ትርጉም የማይፈለግባቸው፣ በፍጥነት የሚደረደሩ ድምፆች ስለሆኑ አእምሮን በሐሳብ አይጠመዱም። ላርኪን ከልጅነቱ ጀምሮ አንደበቱ ይንተባተብ የነበረ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ ዘፈኑን ያወጣው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ሲሆን፣ ያን መደነቃቀፍ ራሱን ዜማ አደረገው። የሰውነትን ተቃውሞ ወደ ምት መለወጥ ለሯጭ የዘወትር ሥራው ነውና፣ የሁለቱ መገናኘት እንደሚመስለው የአጋጣሚ ብቻ አይደለም።

ነገሩን በሳይንስ መንገድ ከመረመሩት አንዱ፣ በለንደን የብሩኔል ዩኒቨርስቲው ኮስታስ ካራጆርጊስ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ባደረጋቸው ጥናቶች በደቂቃ ከ120 እስከ 140 የሚደርስ ምት ያለው ሙዚቃ ለአብዛኛው የአካል ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ እንደሚስማማ አመልክቷል። ሙዚቃ በመጠነኛ ጥረት ላይ ያለን ሰው ድካሙ የቀነሰለት እንዲመስለው ያደርጋል። ጥረቱ እጅግ ሲበረታ ግን የሳንባና የጡንቻ ጩኸት ዘፈኑን ይውጠዋል። እንግዲህ የድምፅ ማጉያውን በማጮህ ብቻ ሰውን ማበርታት እንደሚቻል የሚያምኑ አሠልጣኞች ሊያስቡበት ይገባል።

ለመሆኑ የአገራችን ሙዚቃ ለዚህ ሥራ የሚሆን ምት ይጎድለዋልን? ይህን የሚል ሰው ችክችካን በቅጡ አላዳመጠም። ችክችካ ስድስት ጥቃቅን ምቶችን በሁለት ታላላቅ ምቶች ሥር ያሰልፋል፤ ሁለቱ ታላላቅ ምቶች ለሁለቱ እግሮች ይደርሳሉ። እነዚያኑ ስድስት ምቶች ሦስት ቦታ ከፍሎ የሚሰማ ጆሮ ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል። በየሦስት እርምጃው አንድ ዙር ይሞላልና የዙሩ መነሻ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ እግር ላይ ያርፋል። አንዱ እግር ዘወትር ጫናውን ተሸካሚ አይሆንም። አዳማጩ ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ሲሻገር ዜማው ሳይለወጥ የታደሰ ይመስለዋል፤ ለረጅም መንገድ ከዚህ የበለጠ ስንቅ አይገኝም። የጉራጌው ጭፈራማ ከዚህም ፈጥኖ እግርን ከመሬት ያነሣል።

ሁሉም ዜማ ግን ለሁሉም ሰዓት አይሆንም። ቀረርቶ የተቆጠረ ምት የለውም፤ ድምፁ እንደ አቅራሪው ትንፋሽ ይረዝማል፣ ያጥራል። ከመነሻው መሥመር በፊት ደም ያሞቃል፣ ወኔ ይቀሰቅሳል። በመንገድ ላይ ግን እርምጃ የሚደገፍበት ዘንግ አይሰጥም፤ ቀረርቶ እያዳመጠ የሚሮጥ ሰው በመጀመሪያው ዳገት ትንፋሹን ጨርሶ ቢቆም አያስደንቅም። ትዝታ ደግሞ ላብ ሲደርቅ የሚሰማ ነው።

የሚያሳዝነው ይህን ሁሉ ሀብት የያዝን ሰዎች በእጃችን ያለውን የምናበላሽበት መንገድ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች በተወሰኑ ቀናት ለተሽከርካሪ እየተዘጉ ሕዝብ አካሉን እንዲያፍታታባቸው መደረግ ሲጀምር፣ ሙዚቃ ከሕዝብ እንቅስቃሴ ጋር የሚገናኝበት ሰፊ አደባባይ ተከፈተ። ታዲያ ለእንዲህ ያለው መድረክ ዘፈን ሲዘጋጅ የሚዘወተር አንድ አቋራጭ አለ፤ በዝግታ የተዘፈነውን ዘፈን በመሣሪያ አፍጥኖ ማጫወት። የዛሬው መሣሪያ ድምፁን ሳያቀጥን ያፈጥናልና ጉዳቱ ቶሎ አይታወቅም። ሆኖም ድምፃዊው ስንኙን ሲዘጋ የሚያንቆረቁረው ቅላጼ ይቆረጣል፣ ትንፋሽ የወሰደበት ክፍተት ይጠፋል፣ እንጉርጉሮው ልፍለፋ ይሆናል። ዘፈኑ አለንጋ ሆነ ማለት ነው። አለንጋ ለመግዛት ደግሞ ድምፃዊ አያስፈልግም፤ ቆርቆሮ መደብደብ ይበቃል።

በደቦ አጨዳ ላይ የነበረው ሥርዐት ሌላ ነበር። አውጪው ያወጣል፣ አጫጁ ይቀበላል፣ ማጭዱ ከተቀባዩ ድምፅ ጋር ይሄዳል። የአጫጆቹ ጉልበት ሲላላ አውጪው ዐይቶ ዜማውን ያረግባል፤ ሲነቃቁ ያፈጥናል፤ የሰነፈ ካለ በግጥም ይሸነቁጠዋል። ዘፈኑ ሠራተኛውን ያዳምጥ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ የሚመጣው ዘፈን ማንንም አያዳምጥም፤ ሯጩ ቢዝልም ባይዝልም መንገዱን ይቀጥላል። በዚያ ላይ ጆሮውን የደፈነ ሯጭ የጓዱን ኮቴ አይሰማም፣ የራሱንም ትንፋሽ አይቆጥርም። አትሌቶቻችን ልምምዳቸውን በቡድን ሲሠሩ አንዱ በሌላው ኮቴ ነው ፍጥነቱን የሚለካው። ይህን ልማድ በመሣሪያ ለመተካት የሚቸኩል ወጣት የሚከስረው ነገር እንዳለ ሊያውቅ ይገባል። በውድድር ሜዳ ላይማ የዓለም አትሌቲክስ ደንብ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከተከለከሉ እርዳታዎች መካከል ቆጥሯቸዋል።

ከዚህ የሚከተለው ወቀሳ ለዜማ ደራሲዎቻችን ነው። በጳጉሜ 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ በዚያው ዘመን የሚዘፍነው በዚሁ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነበር። ሯጩና ድምፃዊው የአንድ ክፍል ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ዓመታት ለድል የተዘፈነው ብዙ ነው፤ አትሌት ሜዳልያ አጥልቆ ሲመለስ የሚቀበለው ዜማ አያጣም። ንጋት ላይ ዳገት ለሚወጣው ሯጭ እርምጃ ታስቦ፣ ትንፋሹ ተለክቶ የተደረሰ ዜማ ግን እምብዛም አይሰማም። ኃይሌ በበርሚንግሃም የመረጠው ከቀረበለት ነው።

ለዚህ ሥራ መፈተኛ የሚሆን መድረክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ በአዲስ አበባ ሲካሄድ፣ በ10 ኪሎ ሜትሩ ጎዳና ዳር ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። ሯጩ እየሮጠ ያልፋልና ከእያንዳንዱ የሙዚቃ ጓድ የሚደርሰው የአንድ ደቂቃ ያህል ዜማ ብቻ ነው፤ መግቢያውን የሰማ መዝጊያውን አይሰማም። ስለዚህ ለዚህ መንገድ የሚደርስ ሰው መግቢያ የሌለው፣ ከየትም ቢሰሙት የሚያዝ፣ አዝማቹ በየጥቂት እርምጃው የሚመለስ፣ ሯጩም በቀረው ትንፋሽ «ሆ» ብሎ የሚቀበለው ዜማ ማሰብ ይኖርበታል። የደቦ አውጪ ይህን ያውቅበት ነበር፤ ዘግይቶ ወደ እርሻው የደረሰ ጎረቤትም ማጭዱን ይዞ ሲገባ ከመሐል ይቀበል ነበር።