ግልባጭ ሥዕልና ምስክርነቱ

የቀድሞዎቹን የእንግሊዝ ነገሥታትና መኳንንት የመልክ ሥዕል በእጅ እየገለበጡ መሸጥ በዘመናችን ሰፊ ንግድ ሆኗል። በቻይና አገር በሼንዘን ከተማ በሚገኘው በዳፌን መንደር፣ ከ1989 ጀምሮ በተስፋፉት የሥዕል ቤቶች፣ የአውሮፓ ታላላቅ ሥዕሎች በዘይት ቀለም እየተገለበጡ ወደ ብዙ አገር ይላካሉ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ሥራ አንዳንዶች ግልባጭ ምን ጊዜም ግልባጭ ነው በማለት ይንቁታል፤ ሌሎች ደግሞ መልኩ እስከ መሰለ ድረስ ከዋናው ምን ይለየዋል ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱም ፍርድ የተቸኰለ ይመስለናል። ግልባጭ እንደ ምስክር ነውና፣ ሊመዘን የሚገባው ምን አይቶ ምን እንደ ተናገረ በመመርመር ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሥዕል ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሐንስ ሆልባይን በ1537 በለንደን በኋይትሆል ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ንጉሡን ከአባቱ ከሄንሪ 7ኛ፣ ከእናቱና ከሦስተኛ ሚስቱ ከጄን ሲሞር ጋር ሣለው። ንጉሡ እግሩን አንፈራጥጦ፣ ትከሻውን አስፍቶ በቁመቱ ልክ የቆመበትን ይህን ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ ይሸማቀቅ እንደ ነበር፣ የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ካሬል ቫን ማንደር በ1604 በታተመው መጽሐፉ መስክሯል። በ1698 ግን ቤተ መንግሥቱ በእሳት ሲጋይ ሥዕሉም አብሮ ጠፋ።

ከእሳቱ በኋላ ስለዚህ ሥዕል የሚመሰክሩልን በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሆልባይን ግድግዳውን ከመቀባቱ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያዘጋጀው ንድፍ ሲሆን፣ የግራው ክፍል በለንደን ብሔራዊ የመልክ ሥዕል ቤተ መዘክር ይገኛል። ሁለተኛው ሬሚጊዩስ ቫን ሌምፑት የተባለው ሠዓሊ በ1667 በንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ትእዛዝ የሠራው ግልባጭ ነው። ሁለቱን ስናስተያይ፣ በንድፉ ላይ የንጉሡ ፊት ጥቂት ወደ ጎን ዘወር ያለ ሲሆን፣ በግልባጩ ላይ ግን ፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ ያያል። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ወደ ጎን የሚያይ ንጉሥ ሌላ ሰው ይመለከታል፤ ፊት ለፊት የሚያይ ንጉሥ ግን በፊቱ የቆመውን ሰው ይመረምራል። ሆልባይን በመጨረሻው ሰዓት ያደረገውን ይህን ታላቅ ለውጥ ያስተማረን ገልባጩ ነው። ነገር ግን የቫን ሌምፑት ሥራ ቁመቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህም ስለ ፊቱ እውነቱን ሲነግረን፣ ስለ ግርማው ግን ጥቂቱን ብቻ ነግሮናል።

ሁለተኛው የግልባጭ ዓይነት ለሹመትና ለሥልጣን ምልክት የተሠራው ነው። ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በ1761 ዘውድ በጫነ ጊዜ፣ ስኮትላንዳዊው ሠዓሊ አለን ራምዜ የንግሥና ልብሱን እንደ ለበሰ ሣለው። ከዚያም የንጉሡና የንግሥት ሻርሎት ሥዕል በራምዜ ሥዕል ቤት፣ እንደ ዴቪድ ማርቲንና እንደ ፊሊፕ ራይነግል ባሉት ረዳቶቹ እጅ ጭምር፣ ከመቶ ጊዜ በላይ እየተገለበጠ ለአምባሳደሮችና ለቅኝ አገር ገዢዎች ተላከ። እንዲህ ያለው ሥዕል እንደ ማኅተም ነው፤ አገልግሎቱም ሕጋዊ ነበር። ይሁን እንጂ እጅ አንዱን ፊት መላልሶ ሲሠራ ልብሱና ጌጡ ይበልጥ እየተዋበ፣ ሰውየው ግን እየራቀ መሄዱ የማይቀር ነው። ከእንዲህ ያለው ግልባጭ የዘውዱን ክብር እንጂ የጆርጅን ጠባይ መፈለግ አይገባም።

በ1768 የተቋቋመው የእንግሊዝ የሥነ ጥበባት አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሰር ጆሹዋ ሬይኖልድስ፣ ሥዕልን እንዳለ መገልበጥ እጅን እያደከመ አእምሮን የሚያስተኛ ትጋት መሆኑን ለተማሪዎቹ አስጠንቅቆ ነበር። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉን አይገዛም። ቶማስ ጌንስቦሮ የቫን ዳይክን ሥዕሎች በገዛ እጁ ገልብጧል፤ በ1770 ገደማ ሰማያዊ ልብስ የለበሰውን ወጣት ሲሥል ግን የቫን ዳይክን ዘመን ልብስ አልብሶ የራሱን ሥራ አወጣ። የሚያንቀላፋው አእምሮ እንጂ መገልበጡ ራሱ ጥፋት አይደለም።

የሬይኖልድስ ሥራ ራሱ ለገልባጮች ከባድ ጥያቄ ትቶላቸዋል። የሚጠቀምበት ቀይ ቀለም ብርሃን የማይችል ስለ ነበረ፣ የብዙዎቹ ባለ መልኮች ጉንጭ ገርጥቷል። ታዲያ ገልባጩ መሣል ያለበት ሠዓሊው የቀባውን ነው ወይስ ዘመን ያስቀረውን? በእኛ አስተያየት ሁለቱም ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው የትኛውን እንደ መረጠ መደበቅ ነው።

የዛሬውን ንግድ የምንነቅፈውም በዚህ ነው። ገልባጩ ዋናውን ሥዕል ሳያይ ከፎቶግራፍ ሲሠራ፣ ገዢውን ለማስደሰትም የፊቱን መሥመር ሲያለሰልስ፣ በስሙ የተሣለው ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ሙት ተነሥቶ እኔ እንዲህ አልነበርሁም ሊል አይችልምና፣ ጠበቃው የገልባጩ ኅሊና ብቻ ነው። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ ደራሲ ነኝ እንደማይል፣ ቃል ቢጐድልበትም እንደሚነቀፍ፣ ገልባጭ ሠዓሊም በዚሁ ሕግ ሊዳኝ ይገባዋል።

ስለዚህ የሄንሪን ወይም የጆርጅን ግልባጭ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል መምህር፣ የዋናውን ሠዓሊ ስም፣ ሥዕሉ የሚገኝበትን ቦታና ትክክለኛ መጠኑን፣ የገልባጩንም ስም ከሥሩ ይጻፍበት። ዋናው የጠፋ እንደ ሆነም መጥፋቱን ይግለጽ። ያን ጊዜ ተማሪው የሚያየው ምን እንደ ሆነ፣ ከማንም እንደ ደረሰው ያውቃል።