ስፖንጁ ለስልሷል፣ ወገቡስ? የባጃጅ ሾፌር ወንበር ማሻሻያ ሲመዘን

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ተበላ ላይ ቆም በሉና አስፋልቱ ዳር ተራ የያዙትን ባጃጆች የሾፌር ወንበር ተመልከቱ። ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ ብዙም አታገኙም። አንዱ ላይ ስፖንጅ ተጨምሮ ባለቀለም ሌዘር ተሰፍቶበታል። ሌላው ላይ ከብረት ዘንግ የተበየደ መደገፊያ ቆሟል። ሌላው ደግሞ ከቤት የመጣች ትራስ በላስቲክ ታስራበታለች። ይህን እንደ ጌጥ አይቶ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን እንደ ምህንድስና ሥራ ልተቸው ነው፤ ነውና። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው የገዛ ወንበሩን ሲያስተካክል ንድፍ እያወጣ ነው፣ ንድፍ ደግሞ ይመዘናል።

መጀመሪያ ግን ወንበሩ ለምን እንዲህ እንደማይመች እንይ። የባጃጅ ዘር የሚመዘዘው ከቬስፓ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣውን ቬስፓ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ሳይክል እንደማይወድም ይነገራል። ማርሹን ከእግር አንስቶ ወደ ግራ እጅ መያዣ ያመጣው እሱ ነው። በ1948 የፒያጆ ኩባንያ የቬስፓውን ፊት እንዳለ ይዞ፣ ከኋላ ሁለት ጎማና የጭነት ሣጥን ቀጥሎ «አፔ» የተባለችውን ባለ ሦስት እግር አወጣ። የሕንዱ ባጃጅም በፒያጆ ፈቃድ ይህንኑ ዘር ማምረት ጀመረ። እንግዲህ ሾፌሩ ዛሬም የሚቀመጠው በስኩተር አቀማመጥ ነው፦ ክንዶች ወደፊት፣ ጉልበት የታጠፈ፣ ጀርባ ባዶ። በስኩተር ገበያ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ ለሚሠራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ስፖንጁ። «ለስላሳ ነገር ደግሞ እንዴት ይጎዳል?» ትሉኝ ይሆናል። ስፖንጅ ሁለት ነገር በደንብ ይሠራል፤ ክብደታችንን በሰፊው ያከፋፍላል፣ የሞተሩን ፈጣን ንዝረትም ይቆርጣል። ችግሩ ቀርፋፋው ንዝረት ላይ ነው። የተቀመጠ ሰው አካል ወደ ላይና ወደ ታች ሲናጥ ይበልጥ የሚንቀጠቀጠው በሰከንድ 5 ጊዜ ገደማ ሲነቀነቅ ነው። ይህ ፍጥነት ደግሞ ከኮረኮንች መንገድ ሩቅ አይደለም፤ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ በየአንድ ሜትሩ እብጠት ካለ፣ በትክክል በሰከንድ 5 ጊዜ ትመታላችሁ።

ስፖንጅና የሰው ክብደት ተደምረው እንደ ሞላ ናቸው። የራሳቸው ምት አላቸው፤ እሱንም ያለ መሣሪያ መገመት ይቻላል። ስትቀመጡ ስፖንጁ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሰመጠ ለኩ፣ ከዚያ 5ን በዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት አካፍሉ። 1 ሴንቲ ሜትር ከሰመጠ ምቱ በሰከንድ 5 ነው። 4 ከሰመጠ 2.5 ይሆናል። ሞላ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ከራሱ ምት 1.4 ጊዜ ያህል የበለጠውን ንዝረት ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን እንዳለ ያሳልፋል፣ ከራሱ ምት ጋር የገጠመውን ጭራሽ ያጎላዋል። ይኸውላችሁ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ የምትሰምጥ ድርቅ ያለች ስፖንጅ የመንገዱን ምት አጉልታ ለወገብ ታስረክባለች። 4 ሴንቲ ሜትር የምትሰምጠው ግን ትረዳለች። ይህም በወረቀት ላይ ነው፤ እውነተኛ ስፖንጅ ሲናጥ ከዝምታው ይደድራል፣ ስለዚህ የሚያስፈልገው መስመጥ ከስሌቱም ይበልጣል። ሰፊዎቻችን ግን ስፖንጁን ጥቅጥቅ አድርገው፣ ሌዘሩን እንደ ከበሮ ወጥረው ይሰፉታል። ያምራል! ቶሎም አይጎደጉድም። ለወገብ ግን የተሳሳተው ምርጫ እሱው ነው።

«እንግዲያው ወፍራምና ለስላሳ ይሁን» ብትሉ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ወንበሩ ከፍ ሲል መሪው ባለበት ይቀራል። ሾፌሩ ወደ መሪው ጎንበስ ይላል፣ የእጁ አንጓ ይታጠፋል። በባጃጅ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ በቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፣ በግራው ፍሪሲዮን ጨብጦ ያንኑ መያዣ እያሽከረከረ ማርሽ ይቀይራል። በታጠፈ አንጓ ቀኑን ሙሉ ይህን መሥራትን ሞክሩትና ማታ ንገሩኝ።

ከሁሉም የማደንቀው ያቺን የተበየደች መደገፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቪልከና ባልደረቦቹ በአንድ ፈቃደኛ ሰው የወገብ ዲስክ ውስጥ የግፊት መለኪያ አስገብተው ነበር። ያለ መደገፊያ ዘና ብሎ ሲቀመጥ 0.46 ሜጋ ፓስካል፣ ወደፊት እስከ ጥግ ጎብጦ ሲቀመጥ 0.83 አነበቡ። ወደ ኋላ ተለጥጦ ሲደገፍ ግን ወደ 0.3 ወረደ። የአንድ ሰው ልኬት ነው፣ እሱን አልዘነጋሁትም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ ዲስኩን የሚያሳርፈው የጀርባ ድጋፍ እንጂ የመቀመጫ ልስላሴ አይደለም። ጉድለቷ ቦታዋ ላይ ነው። ብዙዎቹ ትከሻ አጥንት ላይ ነው የሚያርፉት፤ መሆን የነበረባት ቀበቶ የሚታሰርበት ላይ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ብላ ነበር።

ታዲያ ለምንድን ነው ሁሉም ስፖንጅ የሚጨምረው? ጥቂት ሾፌሮችን ጠይቄያለሁ፣ መልሳቸው ሞኝነት የለበትም። መደገፊያው ወደ ኋላ ከሄደ የኋላ ተሳፋሪን ጉልበት ይነካል። ስፖንጅ የማንንም ቦታ አይወስድም። ዋናው «ማሻሻያ» ደግሞ ማንም ማሻሻያ ብሎ የማይጠራው ነው፦ ሾፌሩ አጠገብ የሚጫነው ተጨማሪ ሰው። እሱ ሲቀመጥ ሾፌሩ ወደ ጎን ይገፋል፣ በግማሽ መቀመጫው ይንጠለጠላል፣ ዳሌው ወደ አንድ በኩል ዞሮ ክንዶቹ ወደ መሪው ይጠመዘዛሉ። በዚህ ላይ ስለ ስፖንጅ ውፍረት መከራከር ትንሽ ያሳፍራል። ያ ተሳፋሪ ግን የዕለቱ የነዳጅ ወጪ ሊሆን ይችላል፤ ባጃጁም ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ስለሆነ፣ ገቢው ለባለቤቱ ወገቡ ለሾፌሩ ይቀራል። ሰፊውን ወቅሼ ብቻ የማላልፈው ለዚህ ነው። የታዘዘውን ነው የሠራው።

ባጃጅ የምትነዱ ካላችሁ፣ ለሚቀጥለው ስፌት ከመክፈላችሁ በፊት ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ተቀመጡበትና ሰው ይለካላችሁ፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች የሚሰምጥ ከሆነ ላላ ያለ ስፖንጅ ጠይቁ፣ ሌዘሩም እንዳይወጠር ንገሩት። ከፍታውን ለመመለስ ስፖንጁ የሚያርፍበት ላሜራ ዝቅ ይል እንደሆነ በያጁን አማክሩ። ከዚያ መሪውን ያዙና ክርናችሁን እዩ፤ በትንሹ መታጠፍ አለበት፣ አንጓችሁም ከክንዳችሁ ጋር ቀጥ ይበል። መደገፊያዋን ከማስበየዳችሁ በፊትም ቀበቷችሁ የሚደርስበትን በጠመኔ አስምሩበት።