የካኔቲ ግድግዳ

ማይኮባክቴሪየም ካኔቲ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው። እስከ ዛሬ ከታወቁት ዝርያዎቹ አብዛኞቹ የተገኙት ከጅቡቲ ታማሚዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት የቲቢን ጥንታዊ የዘር ሐረግ የፈለገውም በእነዚሁ ዝርያዎች ውስጥ ነበር።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የህዋስ ግድግዳው ነው። የሰው ፕሮቲን የሚሠራው ግራ-ገጽ ከሆኑ አሚኖ አሲዶች ነው። ባክቴሪያው ግን አላኒን ራሴሜዝ በተባለ ኢንዛይም ግራውን አላኒን እንደ መስተዋት ምስል ወደ ቀኝ ይገለብጠዋል። ሌላ ኢንዛይም ሁለት ቀኝ አላኒኖችን ያጣምርና ለግድግዳው ያቀርባል። ለሥራው የሚያስፈልገው ሌላው አሚኖ አሲድ ዳያሚኖፒሜሊክ አሲድ ነው፤ የግድግዳውን ክሮች እርስ በርስ የሚያስተሳስረው እሱ ነው። ባክቴሪያው ከአስፓርቴት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ያመርተዋል፤ ከፊሉንም ወደ ላይሲን ይለውጠዋል። እኛ የዚህ ምርት ጂኖች የሉንም። ላይሲናችንን የምናገኘው ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከሥጋ ነው። እንዴት ያለ ዕድል ነው! ጠላት ያለው፣ እኛ የሌለን መንገድ ማለት ለመድኃኒት የተከፈተ በር ነው።

ሳይክሎሰሪን በዚህ በር የገባ ነው። ቀኝ አላኒንን በጣም ስለሚመስል ሁለቱንም ኢንዛይሞች ያግዳል፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸውን ብዙዎች ረድቷል። አእምሮን ማወኩ ግን ለታማሚው ከባድ ነው። የዳያሚኖፒሜሊክ አሲድን ምርት የሚያቆም የቲቢ መድኃኒት ደግሞ ገና አልተገኘም፤ ተመራማሪዎች እንዲበረቱበት ከልቤ እመኛለሁ።