40 ማንኪያ ስኳር፣ 8.5 ኪሎ፦ የ«ዛት ሹገር ፊልም» ሂሳብ ይዘጋል?

«ስኳር አቁም፣ ትከሳለህ።» ይህን ምክር ያልሰማ ሰው አለ? ምክሩን ወደ ሲኒማ ካመጡት ሥራዎች መካከል ብዙ የተወራለት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ዛት ሹገር ፊልም» የተሰኘ የአውስትራሊያ ዘጋቢ ፊልም ነው።

አዘጋጁም ዋናው ተዋናይም ዴመን ጋሞ ነው። ሰውየው ለዓመታት ስኳር ትቶ የኖረ ነው። ለፊልሙ ሲል ግን ለ60 ቀናት፣ በየቀኑ 40 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይወስዳል። ለስላሳ መጠጥ፣ ቸኮሌትና አይስክሬም ክልክል ናቸው። ስኳሩ መምጣት ያለበት «ጤናማ» ተብለው ከሚሸጡ ምግቦች ነው፦ ቅባቱ ከተቀነሰ እርጎ፣ ከታሸገ ጭማቂ፣ ከቁርስ ሲሪያል። ሙከራው ሲያልቅ 8.5 ኪሎ ጨምሯል፤ ወገቡም 10 ሴንቲ ሜትር ሰፍቷል። ስኳሩን ሲተው ደግሞ ክብደቱ መልሶ መውረድ ይጀምራል።

ፊልሙ ያዝናናል፣ አይሰለችም። ችግሩም እዚያ ጋር ነው፤ እየሳቃችሁ ዋናውን ድምዳሜ ሳትፈትሹት ያልፋችኋል። ጋሞ የሚለን ይህን ነው፦ በቀን የምበላው ካሎሪ ከበፊቱ ጋር ያው ነበር፣ ስለዚህ ያወፈረኝ የካሎሪው መጠን ሳይሆን ዓይነቱ ነው። ከባድ አባባል ነው። እስቲ ወረቀትና እርሳስ አውጡ።

ሂሳቡን እንሥራው

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ጋሞ የጨመረው ሁሉ ስብ ከሆነ፣ 8.5 ሲባዛ በ7,700 ወደ 65,450 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። ለ60 ቀን ስናካፍለው በቀን 1,090 ገደማ ትርፍ ማለት ነው።

«ሁሉም ስብ አይደለማ!» የሚል ካለ ልክ ነው። ሰውነታችን ከስኳርና ከሌላ ካርቦሃይድሬት የተወሰነውን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጣል። አንድ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ ቢያንስ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ለጋሞ እናድላለትና 2 ኪሎውን ውሃና ግላይኮጅን ነው እንበል። የቀረው 6.5 ኪሎ አሁንም በቀን ከ830 ኪሎ ካሎሪ በላይ ትርፍ ይጠይቃል።

ኃይል ከባዶ አይፈጠርም። ይህ ትርፍ ወይ በአፍ ገብቷል፣ ወይ እንቅስቃሴው ቀንሶ ሳይቃጠል ቀርቷል፣ ወይም ሁለቱም ሆኗል። ስኳር ሜታቦሊዝምን በትንሹ ቢነካ እንኳ ይህን ሁሉ ልዩነት ብቻውን ይሸፍናል ማለት ይከብዳል። በሌላ በኩል ሰዎች የበሉትን ራሳቸው ሲመዘግቡ አሳንሰው እንደሚጽፉ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሆን ብለው አይደለም፤ መለኪያው ራሱ ደካማ ስለሆነ ነው። በእኔ እምነት «ካሎሪው ያው ነበር» የሚለው የፊልሙ ምሰሶ በዚህ ሂሳብ ፊት አይቆምም።

ሌላም ክፍተት አለ። ጋሞ የቀየረው ስኳሩን ብቻ አይደለም። የሚበላው ስብ፣ ፕሮቲን፣ የምግብ ዓይነቱ ሁሉ አብሮ ተቀይሯል። ላብራቶሪ ውስጥ አምስት ቁልፍ በአንዴ አዙረን «ለውጡን ያመጣው ሦስተኛው ነው» ብንል አማካሪያችን በር ያሳየናል። ተሳታፊውም አንድ ሰው ነው፤ ያውም ውጤቱን አስቀድሞ የሚጠብቅና ካሜራ የተደቀነበት።

ታዲያ ስኳር ማቆም ያከሳል ወይስ አያከሳም?

ያከሳል፤ ግን ፊልሙ በሚለው መንገድ አይደለም። የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የብዙ ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ አድርገው አቅርበው ነበር። እንደፈለጉ እየበሉ ስኳር ብቻ የቀነሱ አዋቂዎች በአማካይ 0.8 ኪሎ ቀንሰዋል። ስኳሩ እኩል ካሎሪ ባለው ሌላ ካርቦሃይድሬት ሲተካ ግን ክብደታቸው አልተለወጠም። ይህች ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ፊልሙ ውስጥ ቦታ ብታገኝ ታሪኩ በሙሉ ይቀየር ነበር። ስኳር መቀነስ የሚያከሳው በዋናነት ካሎሪ ስለሚቀንስ ነው ማለት ነው።

ጥሩ ሙከራ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ወደ ኔዘርላንድስ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት 641 ሕፃናት ለ18 ወራት በየቀኑ 250 ሚሊ ሊትር መጠጥ ተሰጣቸው። የግማሾቹ ስኳር አለው፣ 104 ኪሎ ካሎሪ። የሌሎቹ ያለ ስኳር የጣፈጠ ነው። የትኛው ለማን እንደደረሰ ልጆቹም ተመራማሪዎቹም አያውቁም። ልጆች ስለሆኑ ሁሉም አድገዋል፤ ስኳር ያለውን የጠጡት 7.37 ኪሎ፣ የሌለውን የጠጡት 6.35 ኪሎ ጨመሩ። ሩብ ያህሉ መጠጡን መሐል ላይ ማቋረጣቸው የጥናቱ ድክመት ነው። ቢሆንም አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የተዞረው። ልዩነቱም አንድ ኪሎ ገደማ እንጂ ስምንት አይደለም።

ፊልሙ የተሳካለት

ሦስት ነገር ላይ ግን ጋሞ ምስጋና ይገባዋል። አንደኛ፣ «ቅባቱ የተቀነሰ» የሚል ጽሑፍ ጀርባ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚደበቅ በዓይን ያሳያል። ሁለተኛ፣ የጉበትን ነገር ማንሳቱ። የስኳር ግማሽ አካል የሆነው ፍሩክቶስ በብዛት የሚሰባበረው ጉበት ውስጥ ነው፤ ሲበዛም ወደ ስብ ይቀየራል። ጉበታቸው ላይ ስብ የነበረባቸው ታዳጊ ወንዶች ለ8 ሳምንት ስኳር ሲቀንሱ የጉበታቸው ስብ በአማካይ ከ25 ወደ 17 በመቶ መውረዱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ይህ ለውጥ ሚዛን ላይ በደንብ ላይታይ ይችላል። ሦስተኛው ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ክፍል ነው፤ አማታ የሚባል የአቦርጂናል ማኅበረሰብ ስኳር ያለበትን ለስላሳ ከመንደሩ ሱቅ ያስወጣበት ታሪክ። እዚያ «ራስህን ግዛ» የሚል ስብከት የለም፤ የተቀየረው ሱቁ ነው። ያሳዝናል፣ ካሜራው ቶሎ ወደ ጋሞ ሆድ ይመለሳል።

ይህ ለምን ያስጨንቀናል?

ፊልሙን አይቶ ስኳር የሚያቆም ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ሊወርድለት ይችላል፤ በተለይ ዳቦና ሩዙንም አብሮ ከቀነሰ። አብዛኛው ውሃ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ቀጥ ሲል «እኔ ላይ አይሠራም» ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ራሱን ይወቅሳል። እውነተኛውን ቁጥር ቀድሞ ቢያውቅ ግን አይደናገጥም ነበር።

በቀን ሦስት ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ዘጠኝ ማንኪያ ማለትም 36 ግራም ገደማ ይወስዳል፤ 144 ኪሎ ካሎሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረና የጭማቂ ስኳር በቀን ከሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል፤ ይህም ለአዋቂ 50 ግራም ያህል ነው። ቢቻል ደግሞ ወደ 25 ግራም ይውረድ ይላል። ዘጠኙን ማንኪያ ወደ ሦስት ማውረድ በቀን 96 ኪሎ ካሎሪ ይቀንሳል። በምሳ ሰዓት ካልተካነው፣ በወራት ውስጥ የሚታይ፣ ቀስ ያለ ለውጥ ያመጣል። ጥርሳችንም ያመሰግነናል። (ኢንሱሊን ወይም የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አመጋገቡን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር፤ የደም ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል።)

ፊልሙን እዩት፣ አትተዉት። ብቻ ጋሞ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቆም አድርጉትና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከስኳሩ ሌላ ምን ተቀይሯል?