አዋጁ የማያውቃት ሴት

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የለመደብኝ ነገር ሆኖ አዋጅም ሳነብ ባለታሪኩን እፈልጋለሁ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ወጣ፣ በ2014 ተተካ። ወንድ ሴት ብሎ አይለይም፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ አገልግሎት ቢያንስ 10 ዓመት። እሰየው! ግን ባለታሪኩ ማነው? ልጅ ሲታመም ከሥራ የማይቀር፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ የኖረ ሰው ነዋ! በስምንተኛው ዓመት አራስ ሆና ቤት የቀረች የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ጡረታ የላትም።

አንባቢዬ፣ እስቲ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቁጭ ይበሉ። የምድር ባቡር ጡረተኛው ትንሽም ብትሆን የወር አበል አለችው። በዚያው ባቡር ከጅቡቲ ጨርቅ እየጫነች ድሬን ያለበሰችው የከፊራ ነጋዴስ? (ኮንትሮባንድ ነው የሚል አይጠፋም፤ ሸሚዙን ግን ከማን ገዛው?) ባለቤቷ ጡረተኛ ከነበረ፣ ሲሞት የእሱን ግማሽ ታገኛለች። በራሷ ድካም ግን ምንም።

የ2003ቱ አዋጅ መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ ያሉት በፈቃዳቸው መታቀፍ ይችላሉ ይል ነበር። ደግ። ታዲያ የአሠሪውን 11 በመቶ ማን ይክፈልላት?