ንባቡና ትርጓሜው

በ1941 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተፈረመው የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን (ናቶ) በ5ኛው አንቀጽ፥ በአንድ አባል ላይ የተነሣ ጦር በሁሉም ላይ እንደ ተነሣ ይቈጠራል ይላል። ንባቡ ግርማ አለው። አስተውሎ ለመረመረው ግን እያንዳንዱ መንግሥት የሚረዳው አስፈላጊ መስሎ በታየው መንገድ ነው።

ከዚህ የጠነከረ ቃል ቀድሞም ተጽፎ ነበር። የመንግሥታት ማኅበር ውል 16ኛው አንቀጽ፥ ውሉን አፍርሶ የሚዋጋ አባል ንግዱ ወዲያው እንዲቋረጥ ያዝዝ ነበር። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር ግን ነዳጅ ዘይት ከእገዳው ውጭ ቀረ።

ስለዚህ የቃል ኪዳን ትርጓሜ ከብራናው ይልቅ በድንበሩ ላይ ይነበባል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በባልቲክ አገሮች የሰፈረው የብዙ መንግሥታት ጦር አንቀጹ የተወውን ይሞላል፤ አንዱ ሲወጋ የሌላውም ልጅ በዚያው አለና።