የሐይቁ አውሬና የቦዬ ጉማሬ

ጅማ መርካቶ፣ ቡና ላይ፣ የውኃ አውሬ ወሬ ከተነሳ አንዱ ይምላል፣ ሌላው ይስቃል። ዳንኤል ሎክስተንና ዶናልድ ፕሮቴሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ተረት አራዊት ያሳተሙትን መጽሐፍ የወደድኩት ከሁለቱም ወገን ስላልቆሙ ነው። «አየሁ» ያለውን ሰው ውሸታም ከማለት ይልቅ፣ ከዚያ በፊት ምን አይቶ እንደነበር ይጠይቃሉ። የስኮትላንዱ የሎክ ኔስ አውሬ አንገቱ የረዘመው በ1933 ነው፤ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ «ኪንግ ኮንግ» የተሰኘው ፊልም አንገተ ረጅም አውሬ ከውኃ ሲወጣ አሳይቶ ነበር። ሎክስተን ሁለቱን ያገናኛል፤ እኔን አሳምኖኛል።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ደግሞ ውኃው ራሱ ተጠየቀ። በ2018 ኒል ጌሜል የተባሉ የኒውዚላንድ ሳይንቲስት ከሐይቁ ቀድተው፣ እንስሳት በውኃው ውስጥ የተዉትን ዲ.ኤን.ኤ. መረመሩ። ተሳቢ እንስሳ አልተገኘም፤ እባብ መሰሉ ዓሣ ግን በየቦታው ነበር።

በመጽሐፉ ቅር ያለኝ፣ አውሬው አለመኖሩ ሲረጋገጥ ጨዋታው ማብቃቱ ነው። ከጅማ አጠገብ ቦዬ ረግረግ ውስጥ እኮ ጉማሬ አለ! በምሽት ከውኃ ብቅ የሚል ጀርባ ያየ ሰው ቢምል አይፈረድበትም። ለሌለው አውሬ ሐይቅ ሙሉ ሲመረመር፣ የጅማ ዙሪያ ረግረጎች ግን በእርሻ፣ በጡብ ሥራና በቆሻሻ እየተጎዱ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጽፈውታል፤ መርካቶ ላይ ሲወራ ግን አልሰማሁም።